በረዶ የነካው ብልቃጥ

«እማማ በረዶ» የተባሉት በጠባያቸው ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ጠባያቸውማ እሳት ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። በወደቡ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ የበረዶ ቤቱ ኃላፊ ሆነው ጉልበታቸውን እዚያ ጨርሰዋል። በጋ ከክረምት ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ቅንድባቸው ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ ዓሣ አጥማጁንም ነጋዴውንም ቀጥ ለጥ አድርገው ሲያሠሩ ኖሩ። ከሳቸው በረዶ ቤት የወጣ ዓሣ በልቶ ሆዱን ቁርጠት የያዘው ሰው የለም ይባላል። ቢኖርም ደፍሮ የሚነግራቸው አልተገኘም።

«የሚያበላሽ ሙቀት ነው» ይላሉ ሁልጊዜ። «ብርድ ክፉ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።» ይህንንም የሚሉት እንደ ጸሎት ነው፤ የሚሰማቸው ኖረም አልኖረም።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲነታረክ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ሰላም ብቻ የሚፈልግ ምስኪን። ሰላም ግን አላገኘም፤ አንድ ማእድ ቤት ውስጥ አማትና ምራት ገብተዋላ! ምራታቸው የሒሳብ አስተማሪ ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ያመነችበትን አንድ ጊዜ ተናግራ የማትደግም ሴት ናት። እማማ በረዶን የሚያንጨረጭራቸውም ይኸው ነው።

«መልስ ብትሰጠኝ እኮ ተጣልተን እንታረቅ ነበር» ይላሉ ለጎረቤት። «አንዴ ትናገርና ዝም። ከግድግዳ ጋር ማን ይጣላል?»

እንዲህ እየተነካከሱ ሲኖሩ ምራቲቱ ታመመች። ጡቷ ላይና በብብቷ ሥር እብጠት ተገኘ፤ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ካንሰር ነው ተባለ። የዚያን ቀን እማማ በረዶ መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ ቧንቧውን ከፍተው፣ ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቲማቲም መስሎ «ሳሙና ገባብኝ» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠብ ሌላ፣ መውደድ ሌላ።

የናሙናው ሁለተኛ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ሦስቱንም አስቀምጦ አነጋገራቸው። በካንሰሩ ሕዋሳት ገጽ ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር ከልክ በላይ በዝቷል አላቸው። «ይህ ዓይነቱ ካንሰር ችኩል ነው፤ ድሮ ይህን ውጤት የምንናገረው አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ ዛሬ ግን ያንኑ ተቀባይ ፈልጎ የሚይዝ መድኃኒት አለ» አለ።

«ታዲያ ይሄ ክፉ ዜና ነው ወይስ ደግ?» አለች አስተማሪዋ።

«ክፉውም ደጉም እሱ ራሱ ነው» አለ ሐኪሙ።

መድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ቤተሰቡ ከዋናው መድኃኒት ቤት ራሱ ተቀብሎ ወደ ሕክምናው ማዕከል ያመጣል፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ልጃቸው በቀጠሮው ጠዋት ተቀብሎ በቀጥታ ያደርስ ነበር፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ቤት አድራ አታውቅም።

እማማ በረዶ መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱን አላመኑትም። ምራታቸውን ገላዋን የሚያጥቧት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ሲያጥቧት በብብቷ ሥር የወጣውን እብጠት ቀስ ብለው ይዳስሱታል። ሕክምናው ሲጀመር ሎሚ ያክል ነበር። ከዚያ ለውዝ አከለ። ሦስተኛውን ከወሰደች በኋላ ደግሞ ሽምብራ፤ እሱንም ጣታቸው ፈልጎ ፈልጎ ነው ያገኘው። እማማ በረዶ እጃቸው ሳሙና እንደያዘ ቆሙ። በሕይወታቸው ብርድ ምን እንደሚችል ያውቃሉ። ብርድ ያቆማል፤ የነበረውን እንደነበረ ያቆያል። የመጣን መከራ ወደ መጣበት የሚመልስ ነገር ግን አይተው አያውቁም። ውሃው እየፈሰሰ «ይሄን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!» አሉ ጮክ ብለው። ምራቲቱ «ብዙ ሰዎች ናቸው፣ እማማ» አለች። «እንግዲያው የሁሉም እጅ ይባረካ!»

አራተኛው ቀጠሮ ሲደርስ የልጃቸው የሥራ ተራ ተለወጠና መድኃኒቱን ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተቀብሎ መጣ። ትንሿን ሳጥን ለእናቱ ሰጥቶ «ፍሪጅ ውስጥ ይደር ብለዋል» አለና እየሮጠ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ።

ምራቲቱ ከመኝታ ክፍሏ ሆና ሰማች። «እማማ፣ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉት። በረዶ እንዳይነካው።»

እማማ በረዶ ሳጥኑን እንደያዙ ወደ በሩ ዞሩ። «ስለ ብርድ? ለእኔ? አንቺ?»

እሷ እንደ ልማዷ አልደገመችውም።

እንግዲህ ለሳቸውም እንፍረድላቸው። ያ ፍሪጅ ያረጀ ነው። በሩን በጉልበት ገፍተው ካልዘጉት አይገጥምም፤ ሲያሰኘው ይጮኻል፣ ሲያሰኘው ዝም ይላል። እማማ በረዶ እጃቸውን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አሳርፈው ጠበቁና ከንፈራቸውን መጠጡ። ይሄ ብርድ ነው? እዚህ ላይ ዓሣ ቢያድር ጠዋት ድመት አይበላውም። የልጃቸውን ሚስት የሚያድነው ነገር፣ ሎሚን ሽምብራ ያደረገው ነገር፣ እዚህ ለብታ ውስጥ ሊያድር? ብልቃጧን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሏት፣ ከላይ ፍሪዘሩን ከፈቱ፣ ከበረዶው መካከል ቦታ አበጅተው አስቀመጧት። ልባቸው ያረፈው ያኔ ነው።

ጠዋት ሲያወጧት ድንጋይ ሆናለች። አልደነገጡም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ምርጥ ዓሣ እንደሚፈታው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው በትዕግሥት አሟሟት። ብልቃጧ እንደ ነበረች ጠራች። አደራረቁና ሳጥኗ ውስጥ መለሷት። ለማንም አልተናገሩም፤ ለመደበቅ አይደለም፤ የሚነገር ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

የሕክምናው ማዕከል አዳራሽ ሰፊ ነው። ሰማያዊ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ አጠገብ ከረጢት የሚሰቀልበት ብረት ቆሟል። በአንድ በኩል በመስታወት የተከለለች ክፍል አለች፤ መድኃኒት ቀማሚዋ የምትሠራው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከበሽተኞች ጋር የምትነጋገረው በትንሽ መስኮት ነው። ነርሱ ምራቲቱን ወንበር ላይ አስቀመጣትና መርፌውን ክንዷ ላይ ሰክቶ በፕላስተር አጣበቀው። ልጃቸው ከሥራው ለጥቂት ጊዜ አስፈቅዶ አድርሷቸው፣ መኪና ሊያቆም ወርዷል። እማማ በረዶ ሳጥኗን ታቅፈው መስኮቱ ጋ ሄዱ።

ቀማሚዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ብልቃጧን ተቀበለች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ወደ መብራቱ አቅንታ አየች፣ ከዚያ በጣቶቿ መካከል በዝግታ ዘንበል ቀና አደረገቻት። እማማ በረዶ ሥራ የሚያውቅ እጅ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

«እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው፣ ልጄ?» አሉ። «መድኃኒት እኮ ሲናጥ ነው ያየሁት።»

ቀማሚዋ ሳቀች። «ይሄ አይናጥም፣ እናቴ። ይሄ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነታችን በሽታ ሲገባበት የሚያወጣው መከላከያ አለ አይደል? እሱን አስመስለው ግን ለአንድ ሥራ ብቻ የሠሩት ነው።»

«ምን ሥራ?»

ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቀማሚዋም ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት። መነጽሯን አወለቀች። «የልጅዎ ካንሰር ሕዋሳት ላይ ተቀባይ የሚባል አለ። ጆሮ በሉት። ጤነኛ ሕዋስ ጥቂት ጆሮ አለው፤ እደግ ሲሉት ሰምቶ በልኩ ያድጋል። የሷ ካንሰር ግን ጆሮ ብቻ ሆኗል። እደግ፣ ተባዛ፣ እደግ፣ ተባዛ፤ ሌላ አይሰማም። ይሄ መድኃኒት በደሟ ውስጥ እየዞረ እነዚያን ጆሮዎች ይፈልጋል። ሲያገኛቸው ገጥሞ ይቀመጥባቸዋል። በቃ፣ እደግ የሚለው ድምፅ አይሰማም። ደግሞ እዚያ እንደተቀመጠ የራሷን የሰውነት ወታደሮች ይጠራል፤ ጠላት እዚህ አለ ይላቸዋል።»

እማማ በረዶ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጉ። «ሌላውን አይነካም?»

«ከሞላ ጎደል አይነካም። ልቧን እየተከታተልን ነው የምንሰጣት። ግን ያስተዋለው ሰው ይገርመዋል፤ እኔ ስንት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ይገርመኛል። ምሥጢሩ ቅርጹ ነው። ተጣጥፎ ተጣጥፎ ልክ በዚያ ጆሮ ቅርጽ ተሠርቷል። ቅርጹ ከተበላሸ አይገጥምም። ለዚህ ነው የማንንጠው። ሙቀትም አይወድም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በረዶ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት።»

እማማ በረዶ ክው አሉ።

«ሲሟሟስ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ሲሟሟ… አይመለስም?»

«ለዓይን ይመለሳል። ውሃ የመሰለ ይሆናል፤ እኔም አይቼ ላላውቀው እችላለሁ።»

«ዓሣ እንኳ ከበረዶ ወጥቶ እንደ ነበረ ነው።»

«እናቴ፣ ዓሣው ተመልሶ እንዲዋኝ ማን ይጠብቅበታል?» አለች ቀማሚዋ እየሳቀች። «ይሄኛው ግን ሥራው ገና ነው።»

እማማ በረዶ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አሸሹ። «አይ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ… የሷን መድኃኒት ሳታውቅ ፍሪዘር ውስጥ… የስኳር ነው መሰለኝ…»

«ይጣል በሏት። ምንም ይሁን ይጣል። እኛንም ትጠይቀን» አለች ቀማሚዋ፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች ከኋላ መጥተው ስለቆሙ ብልቃጧን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ከመስታወቱ ጀርባ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ አየር የሚስበው ማሽን ሲያጉረመርም፣ መርፌው ከብልቃጧ ቀስ ብሎ ሲቀዳ እማማ በረዶ ቆመው አዩ። ምራታቸው ከወንበሯ ሆና ፈገግ አለችላቸው፤ የዛሬው አራተኛ ነው፣ ተስፋ አድርጋለች። ልጃቸውም ደረጃውን ወጥቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እማማ በረዶ ይቺን ተረት አሰቧት። ማን ያውቃል? ቀማሚዋ ራሷ አይታ አላወቀችም። ምናልባትም መድኃኒቱ ደህና ይሆናል፤ ብርድ አይደል፣ ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት ብርድ! ቢናገሩ ልጃቸው ምን ሊል ነው? ይህን ብልቃጥ ለማግኘት ስንት በር አንኳኩቷል። ምራታቸውስ? መሃለኛው መደርደሪያ ብላቸው ነበር፤ አንዴ፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ። እሷ ልክ፣ እሳቸው ስህተት። በበረዶ ጉዳይ! እማማ በረዶ በዕድሜያቸው ሦስት የገበያ አለቆችን ተከራክረው ያባረሩ ሴት ናቸው፤ «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ፤ ያን ምላጭ አሁን ጉሮሯቸው ላይ አገኙት።

ከረጢቱ በመስኮቱ ወጣ። ነርሱ ተቀበለው፣ የምራቲቱን ስም ከወረቀቱ ጋር አስተያየ፣ ብረቱ ላይ ሰቀለው። ቱቦውን ዘረጋ።

እማማ በረዶ ዓይናቸው ወደ ምራታቸው ክንድ ሄደ። መርፌው የተሰካበት ቦታ ጠቁሯል። ደም ሥሯ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚወጓት፤ አንድ ቀን እንኳ ጮኻ አታውቅም። ለዚህች ልጅ ውሃ ሊሰጧት ነው። በገዛ እጃቸው ውሃ ያደረጉትን ነገር፣ እሷ ፈውስ ነው ብላ ዓይኗን ጨፍና ልትቀበለው ነው።

«ቁም!» አሉ እማማ በረዶ።

ያ ድምፅ የዓሣ ገበያ ድምፅ ነው። ነርሱ ቱቦውን እንደያዘ ቀረ።

«እንዳታስገባው! ተበላሽቷል። በረዶ ሆኖ ነበር። ፍሪዘር ውስጥ ያሳደርኩት እኔ ነኝ፣ ጠዋት ያሟሟሁትም እኔ ነኝ። ጎረቤት የለም፣ እኔ ነኝ!» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ነግረሽኝ ነበር። መሃለኛው መደርደሪያ ብለሽኝ ነበር። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቻለሁ።»

በየወንበሩ የተቀመጡት በሽተኞች በሙሉ እያዩዋቸው ነው። ልጃቸው ብድግ አለ። ፊቱ ገርጥቷል። «እማዬ! ምን አደረግሽ? ስንት ተለምኜ እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ? እንዴት… ተነግሮሽ እያለ?» ሌላም ሊል ነበር፤ ግን የእናቱን ፊት አየና ወደ ውጭ ወደሚያሳየው መስኮት ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው። ምራቲቱ ዓይኗን ከሳቸው ላይ አልነቀለችም።

ቀማሚዋ ከመስታወት ክፍሏ ወጥታ መጣች። እማማ በረዶ አንገታቸውን ደፍተው የሚወርድባቸውን ጠበቁ። እሷ ግን ከረጢቱን ራሷ አወረደችና ወንበር ላይ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ዛሬ ዝም ብለው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ልንገርዎት?» አለች። «ይሄ ይገባላታል። አይሠራም። የሚቀጥለው ምርመራ ላይ እብጠቱ ጨምሮ ይገኛል። እኛ ደግሞ ምን እንላለን? ካንሰሩ መድኃኒቱን ለመደው እንላለን። ያንን እንተውና ወደ ሌላ እንለውጣለን። እያዳናት ያለውን መድኃኒት እኛው እንነጥቃት ነበር። ማንም ሳያውቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፤ ስህተትም እንደዚያው ነው።» የእማማ በረዶን እጅ ያዘች፤ ያ እጅ በረዶ ይመስላል። «ጥቂት ቀን ቢዘገይ ብዙ አይጎዳትም፤ ሌላ ብልቃጥ እንፈልጋለን። እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ነኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ግን አላየሁም።»

እማማ በረዶ እጃቸውን አስለቅቀው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ሌላው ብልቃጥ እስኪመጣ ሳምንት አለፈ። እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ልጃቸው ገብቶ ይወጣል፤ ከሰላምታ በቀር ቃል አይተነፍስም። ምራቲቱ እንደ ሁልጊዜው ዝም ናት፤ እማማ በረዶም ዝምታዋን ይቅርታ ነው ወይስ ቂም ብለው ሲተረጉሙ እንቅልፍ አጡ። ገላዋን ሲያጥቧት በብብቷ ሥር መዳሰሱን ፈሩት። አንድ ቀን ግን ራሷ እጃቸውን ይዛ እዚያው ላይ አሳረፈችው። ሽምብራዋ አሁንም ሽምብራ ናት፤ አልጨመረችም። እማማ በረዶ ፊታቸውን አዙረው ፎጣ ፈለጉ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሳጥኗን በብብቱ ይዞ ገባ። የእናቱን ዓይን ሳያይ ነው የተናገረው። «ይሄን እኔ ነኝ የምይዘው። መሥሪያ ቤት ደህና ፍሪጅ አለ፤ እዚያ ይደር። ማንም አይነካውም።»

እማማ በረዶ «ደግ ነው፣ ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሱ ቦታ ቢሆኑ እሳቸውም ያንኑ ያደርጉ ነበር።

ምራቲቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፀጉሯ ሳስቷል፣ ስትራመድ ግድግዳውን ትደገፋለች። ባሏ አጠገብ ስትደርስ ሳጥኗን ከብብቱ መዝዛ ወሰደች። እሱም ገርሞት ለቀቀላት። ወደ አማቷ ሄደችና ሳጥኗን በሁለት እጃቸው አስያዘቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ልጃቸው። «ያለፈውን ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁትም» አለች። «አንተ ብትሳሳት ትነግረኝ ነበር? መርፌው ክንዴ ላይ ተሰክቶ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ ሚስትህ ልክ ነበረች ብለህ ትናገር ነበር?»

ባሏ ሐቀኛ ሰው ነውና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኔም መናገሬን እንጃ» አለች ምራቲቱ። «ሕይወቴን የምሰጠው ለማይሳሳት ሰው አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ሰው የለም። ሲሳሳት ቁም ለሚል ሰው ነው የምሰጠው። እሳቸው ናቸው የሚይዙልኝ።»

እማማ በረዶ ሳጥኗን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ እጃቸው ስለተያዘ አልጠረጉትም። አጥማጁንም ነጋዴውንም አለቃውንም ሲያዙ የኖሩት ሴት ምራታቸውን ቀና ብለው አዩአትና፣ እንደ ተማሪ በዝግታ ጠየቋት።

«የት ላድርገው፣ ልጄ?»